ጎመን በጤና
የጾም ምግብ ቤትን ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ከትልልቆቹ የአገር ጉዳዮች አጠገብ ቢያቆሙት ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም በከተማችን በአዲስ አበባ፣ ይልቁንም በልደታ ማርያም ሠፈርና በአካባቢው፣ ሥጋና ቅቤ ያልነካውን ምግብ በንጽሕና ሠርቶ የሚያቀርብ ቤት እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በዓመት ውስጥ ስንት ቀን ምሳውን ከቤቱ ውጭ እንደሚበላ፣ ከእነዚያም ቀኖች ስንቱ የጾም ቀን እንደ ሆነ ቈጥሮ ይፍረድ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝን ነገር ልንገራችሁ።

በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ውስጥ በአንድ ዓርብ ቀን፣ እናቴ ስለ አንድ የውርስ ቤት የይግባኝ ጉዳይ ልደታ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበራት። እኔም ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያት ዋልሁ። ጉዳዩ ጧት ሳይታይ ቀርቶ ለከሰዓት በኋላ ተላለፈ። እናቴ በዐቢይ ጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል በአፏ የማታስገባ ሴት ናትና፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ባለጉዳዮች በሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ፣ እኔ ከተሜው ልጇ፣ የአካባቢውን ምግብ ቤቶች ሁሉ አውቃለሁ ባይ ስለ ነበርሁ፣ ደጃፉ በመስተዋት የተሠራ፣ ወንበሩ የሚያምር፣ «ልዩ የጾም ምግብ አለን» የሚል ጽሑፍም በትልቁ የተለጠፈበትን ቤት መርጬ ይዣት ገባሁ።

በያይነቱ ታዘዘ፤ መጣም። ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነበር። እናቴ እጇን ታጥባና አማትባ፣ ከሽሮው በእንጀራ ጠቅሳ ወደ አፏ ስታቀርብ እጇ በመካከል ቆመ። ጉርሻውንም ቀስ ብላ ከትሪው ዳር አስቀመጠችው። «ልጄ፣ ኮሰረት ይሸታል» አለችኝ። ኮሰረትና ኮረሪማ ቅቤ የሚነጠርባቸው ቅመሞች መሆናቸውን የማያውቅ የለም። አስተናጋጇ ብትጠራ፣ የጾም ነው ብላ ማለች። ነገሩ ሲገፋ ግን ወጥ ሠሪዋ ራሷ ከጓዳ ወጥታ፣ ለሚጾመውና ለማይጾመው ሁለት ሽሮ ጎን ለጎን መጣዱን፣ የሚጨለፍበት ጭልፋ ግን አንድ መሆኑን እያፈረች ተናገረች። እኔ ልቆጣ ስነሣ እናቴ እጄን ያዘችኝና፣ «እሷን አትቆጣት፤ ሁለት ድስት ሰጥቶ አንድ ጭልፋ የሰጣት የቤቱ ጌታ ነው» አለችኝ። ከዚያም በአዋዜ ጥቂት እንጀራ ቀምሳ ተነሣች።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ያሳዘነኝ የከፈልሁት ገንዘብ አልነበረም። እናቴ ከሕፃንነቷ ጀምራ የጠበቀችው ጾም፣ በእኔ ምርጫ ምክንያት ሊፈርስ የቀረው አንድ ጉርሻ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤትን በደጃፉ መምረጥ ትቼ በጓዳው መምረጥ ጀመርሁ። ያገኘሁትንም ጥቂት ዕውቀት እነሆ ለእናንተ አካፍላለሁ።

በአገራችን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የሚሠራው ምግብ ይህን ያህል የበዛው ስለ ጾም መሆኑ የታወቀ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ይደነግጋል። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይጾማሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ 15 ቀን ይቆያል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባና እስከ ልደት ይሄዳል። ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ነነዌና ገሃድ ሲጨመሩበት፣ ምእመናን የሚጾሟቸው ቀኖች በዓመት ወደ 180 ገደማ ይደርሳሉ። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ወጥ ሠሪዎች በየዓመቱ የዓመቱን ግማሽ ያህል ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ጣፋጭ ወጥ ሲሠሩ በብዙ ትውልድ ኖረዋልና፣ ሙያው መራቀቁ አያስደንቅም።

በሌላው ዓለም ይህ አበላል የተስፋፋው በሌላ መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። ወተትንና እንቁላልንም ጨምረው የተዉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 ከእነዚያ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ «ቪጋን» የተባለው ስምም ያን ጊዜ ወጣ። እነርሱ ከሥጋ የሚርቁት ለእንስሳት በማዘን ወይም ለጤናቸው በማሰብ ሲሆን፣ የሚርቁትም ዓመቱን በሙሉ ነው። የእኛ ጾም ግን ለእግዚአብሔር የሚቀርብ፣ መግቢያና መውጫ ያለው ሥርዓት ነው። ከሥራችሁ ጠባይ የተነሣ የውጭ አገር እንግዳ የምታስተናግዱ ሁሉ ይህን ልዩነት ልብ በሉ። ብዙ ጾመኛ ማርንና ብርዝን አይከለክልም፤ ቪጋን የሆነ ሰው ግን ማርንም አይቀምስም። ዓሣንም በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ ብዙ ምግብ ቤቶች ግን በጾም ምግብ ዝርዝራቸው ላይ ይጽፉታል። ስለዚህ እንግዳውን «የጾም ነው» ብሎ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ዓሣና ማር የሌለበት መሆኑን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግራችሁ የነገሩ ዋና ፍሬ ነው። በአዲስ አበባ መልካም የጾም ምግብ የሚሻ ሰው፣ የሠፈሩን መንገድ ከማጥናቱ አስቀድሞ የቀን መቁጠሪያውን ይመልከት። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ሳይቀር በያይነቱ ያቀርባል፤ የጾም ማኪያቶና የጾም ኬክ የማይሸጥበት ቡና ቤት ይጠፋል። ትንሣኤ በገባ ማግስት ግን ያ ሁሉ የምግብ ዝርዝር ይሰወራል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸውና፣ ወጥ ሠሪው ሁሉ ወደ ቅቤው ይመለሳል። 

በመሥሪያ ቤታችን ሐኪም ሥጋና ቅቤ የከለከላቸው አንድ ጎልማሳ ባልደረባ አሉን። ዘወትር እየሣቁ፣ «እኔ የምጠግበው በሁዳዴ ነው፤ የምጾመው በበዓለ ሃምሳ ነው» ይሉናል። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ችግሩ እውነተኛ ነው። አንድ ቀን በግንቦት ወር ሦስት ምግብ ቤት ዞረው፣ በሦስቱም የተቀቀለ ድንች እንኳ በቅቤ ታሽቶ ስላገኙት፣ ሻይ በዳቦ ጠጥተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ አይቻለሁ።

የሠፈሩን ስም ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን በፊት፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም በኋላ አይውልም። ስለዚህ ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው የልደታ ማርያም በዓል ምን ጊዜም በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን እንኳ የፍስክ ቀን ነው። ሆኖም በዚያ ዕለት ጎረቤት ከደጅ ወጥቶ በአንድነት ሲቀመጥ፣ በመካከሉ የሚቀርበው የታወቀው ምግብ ንፍሮ ነው። ስንዴውና ሽምብራው፣ ባቄላውና አተሩ አንድ ላይ ተቀቅሎ፣ ለልጁም ለሽማግሌውም በእፍኝ ይታደላል። ቅቤ በተፈቀደበት ቀን እህሉን በእህልነቱ የሚያከብር በዓል ያለን ሕዝብ ሆነን፣ በዚያው ሰሞን ሥጋ የማይበላ ሰው በከተማችን ምሳ ማጣቱ ያስገርማል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ይህን ነገር ከእኛ አስቀድመው አስተውለውታል። በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በያይነቱን ከጾም ቀን ጋር ሳያስተሳስሩ ዓመቱን በሙሉ ያቀርባሉ። ሥጋ የማይበላው አሜሪካዊም እየተመላለሰ ይመገበዋል። በእኛም ከተማ ፒያሳ የሚገኘው፣ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው አሮጌው ሆቴል፣ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት የተጎዳው ማለቴ ነው፣ በየዕለቱ በሚያቀርበው የጾም ምሳ በተጓዦች ዘንድ ሲወሳ ኖሯል። ስለዚህ ነገሩ የማይቻል አይደለም።

ታዲያ ከልደታ ፒያሳ ድረስ ለምሳ መሄድ የማይችል ሠራተኛ ምን ያድርግ? እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። አምስት ሆነን ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ያለችን አንዲት ወጥ ሠሪ አነጋገርናት። በፍስክም ወራት ቢሆን አንድ ድስት ሽሮና አንድ ድስት ምስር በዘይት ብቻ ብትሠራ፣ እኛ አምስታችን በማናቸውም የሥራ ቀን እንደማንቀርባት ቃል ገባንላት። ወጥ ሠሪ የምትፈራው ወጡ አድሮ እንዳይበላሽባት ነው፤ በላተኛው አስቀድሞ ከታወቀ ግን ትሠራለች። ዛሬ ያ ድስት ከእኛ አልፎ ለሌሎችም ይደርሳል። ባልደረባችንም በግንቦት ወር ምሳቸውን ይበላሉ።

አሁን ደግሞ መልካሙን ቤት ከክፉው ወደምንለይበት ምልክት እንሂድ።

የመጀመሪያው ምልክት ጭልፋው ነው። ሥጋና ቅቤ በሚሠራበት ቤት የጾም ምግብ ከታዘዘ፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ መክተፊያውና መጥበሻው ለብቻው መሆኑን ጠይቁ። ብዙ ሰው «የጾም ነው ወይ?» ብቻ ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ «አዎን» ነው። «በምን ተሠራ? በምንስ ይጨለፋል?» ብሎ የጠየቀ ግን እውነቱን ያገኛል። ጥያቄው በትሕትና ከቀረበ መልካም ወጥ ሠሪ አትቀየምም። እንዲያውም አንዳንዷ ወደ ጓዳዋ ጠርታ ታሳያለች፤ እንዲህ ያለችውን ካገኛችሁ ሌላ ቤት አትፈልጉ።

ሁለተኛው ዘይቱ ነው። በጾም ወጥ ውስጥ የቅቤውን ሥራ የሚሠራው ዘይት ስለ ሆነ፣ ዘይቱ ክፉ ከሆነ ምንም ቅመም አያድነውም። አባቶቻችን የሚያውቁት ቅባ ኑጉን ነበር፤ ዛሬ ከኑጉና ከሱፉ ጋር ከውጭ የሚመጣው የፓልም ዘይት በገበያው ሞልቷል። ዋጋው ሲወደድ፣ ሳምቡሳና ድንች የተጠበሰበትን ዘይት መልሶ መላልሶ መጠቀም የሚከጅል ይኖራል። እንዲህ ያለው ዘይት ይጠቁራል፣ ቶሎ ይጨሳል፣ በምላስም ላይ ምሬት ያስቀራል። የሳምቡሳው ሽፋን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ዘይት ካንጠባጠበ፣ የቀረውን ከመብላት መተው ይሻላል።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። በዓርብ ቀን ብዙዎቹ መሥሪያ ቤቶች ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ዕረፍት አላቸውና፣ በዚያ ሰዓት ብዙ ጾመኛ የሚጎርፍበት ቤት ወጡን ቶሎ ቶሎ ያድሳል። በልደታ በየወሩ በ1ኛው ቀን ቅዳሴ አስቀድሰው የሚወጡት እናቶች በየትኛው ቤት እንደሚቀመጡ ተመልከቱ። የእነርሱን አፍንጫ ቅቤ አያመልጠውም፤ ይህን በራሴ ቤት አይቼዋለሁ። የቀድሞዎቹ መንደሮች ፈርሰው በተሠሩት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ምድር ቤትም ሆነ በፍርድ ቤቱ አካባቢ፣ መልካም ቤት ከመስተዋቱ ይልቅ በእንዲህ ያለው ደንበኛው ይታወቃል።

አራተኛው የወጡ ብዛት እንዳያታልላችሁ ነው። በያይነቱ ማለት ከየዓይነቱ ማለት ነው፤ ነገር ግን ካደረ ወጥ አሥራ ሁለት ማንኪያ ከሚቀርብ፣ በዕለቱ ከተሠራ አምስት ማንኪያ ይበልጣል። ከአምስቱም እያንዳንዱ የሚታወቅበት ጠባይ አለው። ሽሮ በሸክላ እየተንተከተከ ሊመጣ ይገባል፤ ቀዝቅዞ ላዩ ከቈረፈደ የቆየ ነው። የምስር ወጥ በርበሬው ከሽንኩርቱ ጋር በደንብ ካልቁላላ ጥሬ በርበሬ ጥሬ በርበሬ ይላል። ክክ አልጫ ቅርጹን ሳያጣ መብሰል አለበት፤ እርዱም ቀለም ከመስጠት አልፎ እንዳይመር ተጠንቅቀው ይጨምሩታል። ጎመን አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት ሲወርድ ያምራል። አዚፋ ሰናፍጩ አፍንጫ ካልሰነጠቀ አዚፋ አይባልም። ሱፍ ፍትፍት የሚሠራበት ቤት ካገኛችሁ ደግሞ የባለሙያ ቤት መሆኑን ዕወቁ፤ ሱፉን መልቀም፣ ማመስ፣ መውቀጥ፣ በጥብጦ ማጥለል ጊዜና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነውና፣ ሰነፍ አይደፍረውም። በዐቢይ ጾም ስልጆ የሚያቀርብም እንዲሁ ነው፤ ባቄላውን አብኩቶ ለቀናት ማስቀመጥ የሚችል ነገ የሚመጣውን ደንበኛ የሚያስብ ሰው ነው።

ስለ ጤናም አንድ ቃል ልበል። ጤፍና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋልና፣ ሽሮ በእንጀራ የድኻ ምግብ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ጾሙን ሲፈታ ወተትና እንቁላል ከሚያገኘው ሰው በተለየ፣ ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ ዓመቱን በሙሉ የተወ ሰው ቢ 12 የተባለው ቪታሚን እንዳይጎድለው ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህ ቪታሚን በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ በሚበቃ መጠን አይገኝም።

የጾም ምግብ ከሥጋው ዋጋው ስለሚቀል፣ የሚበላው ጾመኛ ብቻ አይደለም። የእስልምናም ሆነ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው ባልደረባችን ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ ይቀርባል። ይልቁንም ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው በመሥሪያ ቤታችን ያለ ሰው ሁሉ ጾመኛ ይሆናል፤ ይህ ጾም በባሕረ ሐሳብ ባይገኝም አጥብቆ የሚጾም ነው። ስለዚህ ንጹሕ የጾም ምግብ መገኘቱ ለአንድ ወገን ብቻ የሚጠቅም ጉዳይ አይደለም። ጎመን በጤና ሲባል የኖረውም ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ በማስተዋል ይመስለኛል።

ለምግብ ቤት ባለቤቶችም የምለው አለኝ። ጾመኛ ወደ ቤታችሁ ሲገባ ከገንዘቡ ጋር ኅሊናውን ያስረክባችኋል። ገንዘቡን ብታጎድሉበት ቈጥሮ ያገኘዋል፤ ኅሊናውን ብታጎድሉበት ግን ላያውቀው ይችላልና በደሉ ይከብዳል። ጭልፋ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ ጭልፋ ግዙ።

በመጨረሻ ስለ እናቴ ጀምሬ ስለ ነበር ልፈጽመው። የይግባኙ ፍርድ የተሰጠው በ2012 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት ነበር። ያን ቀን የወሰድኋት አራት ገበታ ብቻ ወዳላት፣ የሚነበብ ጽሑፍ እንኳ ወዳልተለጠፈባት አንዲት ጠባብ ቤት ነው። ገና ስምንት ሰዓት ነበርና እናቴ ለማረፍ ያህል ተቀመጠች። የቤቱ ባለቤት ነጠላዋን አጣፍታ ከጓዳ ወጣችና፣ «እማማ፣ ስንት ሰዓት ይፈታሉ?» ብላ ጠየቀቻት። «ዘጠኝ ሰዓት» አለች እናቴ። «እንግዲያስ ሽሮውን አሁን አልጥደውም፤ ሲሞላልዎ ትኩሱን አቀርብልዎታለሁ» አለቻት፤ አስተናጋጇንም ጠርታ የሌሎቹን ምግብ በእናቴ ፊት እንዳታሳልፍ አዘዘቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣ «የዚችን ጓዳ ማየት አያስፈልግም» አለችኝ። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚባለው ለካ ይህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላም ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፤ እናቴም ሳታሸት በላች።

ለእናንተም እንዲህ ያለ ቤት እንዲገጥማችሁ እመኛለሁ።